ጉለሌን በቀን መቁጠሪያ መጎብኘት

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሽሮ ሜዳ ገና እየተከፈተች ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የባህል ልብስ ሱቆች የቆርቆሮ በራቸው ይንኳኳል፣ ሻጮቹ ረጅም እንጨት ይዘው ቀሚሶቹን ከበሩ በላይ ይሰቅላሉ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከእህታቸው ልጅ ጋር ለሠርግ የሚሆን ልብስ ፍለጋ መጥተዋል። «እናቴ ይግቡ፣ ማየት በነፃ ነው» ይላል አንዱ ሻጭ። ሴትዮዋ ዋጋ አልጠየቁም። ልጅቷ ዓይኗን የጣለችበትን ቀሚስ ገልብጠው የጥለቱን ጀርባ አዩ፣ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አሹት፣ መልሰውም ሰቀሉት። ከሱቁ ራቅ ካሉ በኋላ ብቻ «እሱ የቻይና ነው» አሏት።

ኪሱ ሳሳ ያለ ጎብኚ ከእኚህ ሴት የሚማረው ብዙ ነው። ጉለሌ ከአዲስ አበባ መሐል ተነስቶ እስከ እንጦጦ ጋራ የሚወጣ ክፍለ ከተማ ነው። ስሙን ያገኘው ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት በስፍራው ይኖሩ ከነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ከአንዱ፣ ከጉለሌዎች ነው። ዛሬ በዚሁ ዳገት ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች፣ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች፣ የጉራጌ ነጋዴዎች፣ ከሱሉልታ በኩል ወተትና ድንች ይዘው የሚወርዱ ገበሬዎች፣ ከየክፍለ ሀገሩ ጸበል ፍለጋ የሚመጡ ምዕመናን ጎን ለጎን ይኖራሉ።

እንዲህ ያለ ድብልቅ ሰፈር ያላቸው የእስያ ከተሞች፣ ሲንጋፖርም ሆነች የማሌዢያዋ ጆርጅ ታውን፣ ያለ ብዙ ገንዘብ እንዴት እንደሚታዩ የሚያስረዳ ምክር ሞልቷል። ጆርጅ ታውን ከማላካ ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት፤ ቻይናው፣ ማላዩና ሕንዱ በአንድ ጎዳና ይኖሩባታል። አዋቂ መንገደኛ እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው የበዓላቱን ቀን ነው። በቻይናውያን አዲስ ዓመት ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል፤ በረመዳን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ልዩ የምግብ ገበያ በየመንገዱ ይዘረጋል። ጉለሌም የምትከፈተው በዚሁ ቁልፍ ነው። ምን ስንት እንደሚያወጣ፣ ማን ሥራ ላይ እንደሚገኝ፣ የትኛው ምግብ ቤት ምን እንደሚያቀርብ የሚወስነው ቀኑ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

ሸማኔው ቤቱ ሲሄድ

ከሽሮ ሜዳ ሱቆች ጀርባ ወደ ውስጥ በሚገቡት ጠባብ መንገዶች የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል። ሸማኔው ከትንሽ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ መርገጫውን ይረግጣል፤ ድሩ በፊቱ ተወጥሯል፣ መወርወሪያው ከቀኝ እጁ ወደ ግራው ማጉን ይዞ ያልፋል። ሥራው በልማድ የተከፋፈለ ነው፦ ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ። አብዛኞቹ ሸማኔዎች መነሻቸው ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ ነው። ወደ አዲስ አበባ መምጣት የጀመሩት ከምኒልክ ዘመን አንስቶ ሲሆን ልጅ አጎቱን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየተከተለ ሙያው በሰፈሩ ሥር ሰደደ።

ለጋሞ ሰው ከዓመቱ በዓላት ሁሉ ትልቁ መስቀል ነው። መስከረም 17 ሲቃረብ ሸማኔው ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲንኳኳ የከረመ ቤት ጸጥ ይላል። ስለዚህ በመስከረም አጋማሽ ሽሮ ሜዳ ደርሶ «በልኬ ይሠራልኝ» የሚል ሰው ከሱቅ የተሰቀለውን ከመግዛት በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። ትእዛዝ ያለው ሰው ቀደም ብሎ በነሐሴ፣ ካልሆነም ሸማኔዎቹ ሲመለሱ በጥቅምት መምጣት ይሻለዋል።

ዋጋው ከበዓልና ከሠርግ ጋር ይወጣል፣ ከእነሱም ጋር ይወርዳል። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከጥምቀት በፊት ባሉት ቀናት ገበያው ይጨናነቃል፤ ሻጩ ለመቀነስ አይቸኩልም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሠርግ ስለማይደገስ የሙሽራና የሚዜ ልብስ ፈላጊ ይሳሳል። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንታት የመጣ ገዢ ወንበር ይሰጠዋል፣ ቀሚሱ ሁሉ ይዘረገፍለታል፣ «መጨረሻው ስንት ነው?» ሲል የሚሰማውም መልስ ከጥምቀት ዋዜማው ለስለስ ያለ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ ዋጋው እንደገና ይነሳል።

የሴትዮዋ የጣት ፍተሻም ምክንያት አለው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሀበሻ ጥለትን አስመስለው በፋብሪካ የተመረቱ ጨርቆች ከቻይና እየገቡ ከእጅ ሥራው ጎን ይሰቀላሉ። ከሩቅ ለመለየት ያስቸግራሉ፣ ከቅርብ ግን ምልክት አላቸው። ጥለቱ በቀለም የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዛዛ ነው፤ በእጅ የተጠለፈው ግን በጀርባው የክሩ መሄጃና መመለሻ ይታያል። ሌላው ፍተሻ ከጨርቁ ዳር አንዲት ክር ስቦ ጫፏን በክብሪት መለኮስ ነው፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ይጠቀለላል። ክሯ መወሰድ ያለባት ከነጩ አካል ነው፤ ጥለቱ ላይ ሸማኔው ራሱ የሚያብረቀርቅ የፋብሪካ ክር ሊያስገባ ይችላልና በጥለቱ መፍረድ አያስኬድም። በፋብሪካ የተሠራውን መግዛት ነውር የለበትም፤ በእጅ ሥራ ዋጋ መግዛት ግን ኪሳራ ነው።

ገንዘቡ ለሙሉ ቀሚስ የማይበቃው እንግዳ ነጠላ ወይም የአንገት ልብስ ይዞ ይመለሳል። ጋቢ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም እንጦጦ ላይ ለሚያድር ሰው ብርድ ልብስም ካፖርትም ይሆነዋል።

ቀጨኔና ድስቱ

ከሽሮ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ቀጨኔ አለ። እዚህ ሙያው የሴቶች ነው፤ ጭቃውን የሚያቦኩት፣ ጀበናውንና ድስቱን በእጃቸው የሚያቆሙት፣ አድርቀውም በግቢ እሳት የሚተኩሱት እነሱ ናቸው። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው በዚህ አገር ለብዙ ዘመን «ቡዳ» እየተባለ ሲገፋ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። የቀጨኔ ሰዎች ካሜራ የያዘ እንግዳ ሲያዩ ጥንቃቄ ቢያሳዩ ምክንያቱ እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ግዢ፣ ፎቶ ካስፈለገ ፈቃድ ጠይቆ በመጨረሻ፤ በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ሰው ሥራው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ለማየትም ይጋበዛል።

ዕቃው ከሠሪዋ እጅ ሲገዛ ከመደብር ይረክሳል፣ ምርጫውም ይሰፋል። የሚፈተሸው እንዲህ ነው፦ በጣት ጫፍ መታ ሲደረግ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ የተሰነጠቀ ወይም በደንብ ያልተተኮሰ መሆኑን ይነግራል። ውሃ ሞልቶ ለጥቂት ደቂቃ ማየትም ነውር አይደለም፣ ሻጯ ራሷ ውሃውን ታመጣለች። አዲስ ድስት ወይም ጀበና ሳይሟሽ እሳት ላይ አይጣድም፤ እንዴት እንደሚሟሽ ደግሞ ከሠሪዋ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ጉዞ ያለበት ሰው ትንንሽ ዕቃ መርጦ በልብሱ ጠቅልሎ በእጅ ሻንጣው ቢይዝ ይበጃል።

ረቡዕና ዓርብ

በርካሽ የሚበላ ጎብኚ በጉለሌ ሁለት ወዳጅ ቀኖች አሉት። ረቡዕና ዓርብ፣ ከፋሲካ በኋላ ካለው በዓለ ሃምሳ በቀር፣ የጾም ቀኖች ናቸው። ሥጋ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ደግሞ በያይነቱን ይዘረጋሉ፦ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ መሐሉ ላይ ሽሮ። አንድ በያይነቱ ለሁለት አዝዞ እንጀራ ማስጨመር የተለመደ ነው፤ አስተናጋጁ ፊቱን አያጠቁርም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ደግሞ ይህ ምግብ በየቀኑ አለ። የውጭ እንግዳ ይዞ የሚዞር ሰው፣ በተለይ እንግዳው ሥጋ የማይበላ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ወቅት አያገኝም።

ጠዋት ላይ ፉል በዳቦ፣ ከሰዓት በኋላ በስድስት ኪሎ በኩል ተማሪው የሚሰለፍበት እርጥብ፣ ማታ በመንገድ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበስ በቆሎ አለ። የጀበና ቡና የሚጠጣው በርጩማና ቄጠማ ካለበት ነው። ብርጭቆ ውስጥ የሚቀዳ የማሽን ቡና የለመደ ሰው ሲኒዋ ስታንሰው ሁለት ቢጠጣ እንኳ ከካፌው ዋጋ በታች ይወጣል። ፍራፍሬና አትክልት ከጉልት ይገዛል፤ ሲመሽ ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው መመለስ ስለማይፈልጉ መደቡ ከፍ ይላል፣ ምርቃቱም ይጨመራል።

ሲንጋፖር የመንገድ ዳር ምግብ ሻጮቿን ውሃና ፍሳሽ ወዳላቸው የጋራ አዳራሾች አስገብታ፣ ባህሉን በ2020 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት አስመዝግባለች። የአዲስ አበባ ጉልት ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጣሪያ የላትም፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጆንያዋን ጠቅልላ የምትነሳ ናት። ለጎብኚው ይህ ማለት ትናንት የነበረችው ዛሬ እዚያው ቦታ ላትገኝ ትችላለች ማለት ነው። ሲበላም ሲጠጣም ትኩስና ከፊቱ የበሰለውን መምረጥ፣ የታሸገ ውሃ መጠጣት፣ ጥሬ ሰላጣን መዝለል ይበጀዋል።

ወጥቶ መውረድ

እንጦጦን በእግሩ ልውጣ ብሎ ከሽሮ ሜዳ የሚነሳ እንግዳ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። ጋራው ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው እዚያ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሰፈሩ ሰው የሚመክረው ተቃራኒውን ነው፦ ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ወደ ላይ መውጣት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ በእግር መውረድ።

ላይ ላይ የሚታየው የከተማዋ መነሻ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የተቀመጡት እዚህ ሲሆን ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ቆሟል፤ በቤተ ክርስቲያኗ ግቢ ያለው ሙዚየም የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ዕቃዎችን ያሳያል። ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ንጉሡን ከጋራው ካወረዷቸው ምክንያቶች መካከል ናቸው። ዛሬ ጋራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ የማገዶ ችግሩን ለመፍታት ነው። ቅጠሉንና ጭራሮውን ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እስከ ዛሬ በመንገዱ ይታያሉ። ሸክም ላይ ያለ ሰው ፎቶ ሲነሳ ፊቱን መሸፈን እንኳ አይችልም፤ ማለፊያ መስጠት ተገቢ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ መንገዱን አስተካክሏል፣ ካፌና መጫወቻም አምጥቷል። ቁጠባ የሚፈልግ ሰው ቁርሱን ከታች በልቶ፣ ውሃና ቆሎ ይዞ ይወጣል። ሌላው የጉለሌ ጫካ ብዙ ሰው የሚረሳው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነው፦ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን፣ ከባሕር ዛፍ ይልቅ የአገሩ ዛፍ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ የሚታይበት ስፍራ።

ቀኑ እዚህም ይወስናል። ወር በገባ በ21 የማርያም፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ1 የራጉኤል ቀን ነውና ጋራው በነጭ ልብስ ይሞላል። ሕዝቡን፣ ዝማሬውንና ጸበልተኛውን ማየት ለሚሻ እነዚህ ቀናት ወደር የላቸውም፤ ጸጥታና ባዶ ታክሲ ለሚሻ ሌላ ቀን ይሁን። ጸበል ፍለጋ መጥተው የሚከርሙት ሰዎች ታመው የመጡ ናቸው፤ በአጠገባቸው ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ ማጣፋት፣ ካሜራ ማስገባት ግድ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ሲወርድ ከጋራው ከተማዋ አትታይም። ሁልጊዜም ሳይጨልም መውረድ ይገባል፤ እንጦጦ ማታ የጅብ ነው።

ከጋራው ወርዶ በምዕራብ በኩል፣ በጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሌላ የጉብኝት ስፍራ አለ፦ የጉለሌ መቃብሮች። ጴጥሮስ ወጳውሎስ በሚባለው መቃብር ዙሪያ የልዩ ልዩ እምነትና አገር ሰዎች አርፈዋል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፈው የወደቁ ወታደሮች መቃብርም እዚያው ይገኛል።

ታክሲ፣ ዝርዝር፣ አልጋ

ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ የጉለሌ ዋና መጓጓዣ ነው። ታሪፉ በርቀት ተተምኖ ይወጣል፤ እንግዳው የሚጠየቀውን ማረጋገጥ ከፈለገ ረዳቱን ሳይሆን ጎኑ የተቀመጠውን መንገደኛ «ስንት ነው?» ማለት ይበቃዋል። «ኮንትራት?» የሚል ጥያቄ ከሰማ መኪናውን ሙሉውን ሊያከራዩት ነው ማለት ነው፤ ብቻውን ከሆነ «በሰው ነው» ብሎ መመለስ ይችላል። ለአራት ሆኖ ወደ እንጦጦ መውጣት ሲሆን ግን ኮንትራቱ ተካፍለውት ያዋጣል። በማለዳና በምሽት ሰልፉ ይረዝማል፤ ስልክና ቦርሳ ከፊት ለፊት ይያዝ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በብዙ ሱቅ ያገለግላል፣ ለጉልትና ለታክሲ ግን ዝርዝር ብር ኪስ ውስጥ መኖር አለበት።

«አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ አዲሱ ገበያ ነው፤ ወደ ሱሉልታ፣ ጫንጮና ፍቼ የሚሄደውና የሚመጣው መንገደኛ ስለሚያርፍበት ዋጋው ከመሐል ከተማ ዝቅ ይላል። ክፍሉን ሳያዩ አለመክፈል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃ መኖሩን ማየት፣ መንገድ ዳር ካለው ይልቅ ወደ ጓሮ ያለውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ገበያው ላይ በኦሮምኛ «አካም ጂርታ» ብሎ የጀመረ ሰው ከገጠር የወረደውን አይብና ቅቤ ለመቅመስ ይታደላል።

ርካሽ ለማን?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዶላር ለያዘ እንግዳ ጉለሌ በአንድ ክረምት ርካሽ ሆነችለት። ክር ለሚገዛው ሸማኔ፣ ዘይት ለምትገዛው ምግብ ቤት ባለቤት፣ ከክፍለ ሀገር ለመጣው ጎብኚ ግን ኑሮው ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው የሄደው። ስለዚህ ክርክሩን የት ማጥበቅ፣ የት ማላላት እንዳለበት ማወቅ የጎብኚው ፈንታ ነው። ብዙ ዕቃ የሚያዞረው ባለ ትልቅ ሱቅ በዋጋ ክርክር አይጎዳም። አንዲት ጀበና ይዛ ለተቀመጠችው የቀጨኔ ሴት ግን የምትቀነሰው ብር የማገዶዋ ዋጋ ናት።

አንድ ሳምንት ብቻ ያለው ሰው ከዓመቱ የትኛውን ይምረጥ ቢባል፣ ከጥቅምት 21 እስከ 27 ያለው ይመረጣል። ዝናቡ አልቋል፣ ከጋራው ከተማዋ ወለል ብላ ትታያለች። ሸማኔዎቹ ከመስቀል ተመልሰው ጉድጓዳቸው ገብተዋል፤ ሳምንቱ ሲጀምር የታዘዘ ነጠላ ሳምንቱ ሳያልቅ ሊደርስ ይችላል። በ21 እንጦጦ ማርያም፣ በ25 ምኒልክ የነገሡበት ቀን፣ በ27 ደግሞ የቀጨኔ መድኃኔዓለም ዓመታዊ ክብረ በዓል አለ። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 በመሆኑ ሥጋ የሚወደውም ሰው አይቸገርም፤ በያይነቱ የሚሻው ረቡዕና ዓርብን ይጠብቅ። ሌሊቱ ይበርዳልና ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል፤ የ27ቱ ሕዝብ መንገዱን ሳይዘጋው ቀጨኔ ለመግባትም ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ታክሲ መያዝ ነው።